ትንሽ ትንፋሽ

ይህ መካኒክ “ደህና አደሩ” ሲሉትም ይቆጣል። ቱታው በሙቀት እንኳ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ ከደረት ኪሱ የአስም መርጫ ብቅ ብሎ ይታያል፤ እሱ ግን ሲስበው ያየ የለም።

አንድ ባለታክሲ፣ እያሳለች የምትጠፋበትን መኪና ኮፈን ከፈተለት። መካኒኩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን ሴንሰር ፈታና ወደ ብርሃን አነሳው። ፀጉር በምታህለዋ ሽቦ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል።

“በጥጥ የጠረገው ማነው?”

“እኔ ነኝ ጋሼ፤ ያው እንደ አፍንጫ መስሎኝ...”

“አፍንጫህን ላስ! ይሄ እኮ አይነካም!”

የሚረጭ ማጽጃ ራቅ አድርጎ ነፋበት፤ እስኪደርቅም ማንንም አላስጠጋ።

ባለታክሲው ሊያበርደው ፈልጎ፣ “አይቆጡ ጋሼ፣ ትንሽ ትንፋሽ አጥሯት ነው እንጂ ደህና ናት” አለ።

መካኒኩ ካቻቢቴውን ወረወረው። “ይቺን ቃል እዚህ እንዳትደግማት! ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያሉ አይደል ልጄን ከሐኪም ቤት በር የመለሷት!”

ባለታክሲው ካቻቢቴውን ከመሬት አንስቶ አቀበለው።

ሴንሰሩ ቦታው ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ ሳሉ ጠፋ። መካኒኩ አንድ መዳፉን ሞተሩ አጠገብ አሳርፎ፣ በሌላው የደረት ኪሱን ጨምድዶ ይዞ አዳመጠ።

“አንቺስ ተነፈስሽ” አለና ኮፈኑን ጓ አድርጎ ዘጋው።