ከዝምታው በኋላ የነበረው ስም

ባለፈው ሳምንት ብርሃኑ የሚባል ተማሪዬ ስልኩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ቤሌ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ አክስቱን ቀርጾ፣ ሰው ዝም ያለበትን ቦታ ሁሉ ስልኩ ራሱ ቆርጦ እንዲጥልለት አድርጓል። «ቲቸር፣ አሥራ ስምንቱ ደቂቃ ሰባት ሆነ! እኔ እኮ ምንም አልነካሁም» አለኝ ፊቱ በርቶ። አየሁት። አክስቲቱ ትንፋሽ ሳትወስድ ትናገራለች፤ ለመኖር ሳይሆን ለመጨረስ የምትቸኩል ሴት ሆናለች። ልጁ ጎበዝ እስክለው ይጠብቃል። ይህንኑ ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ያለ ስልክ፣ በገዛ እጄ።

ሶዶ ኮሌጅ ስማር የሚዲያ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ክበባችን አንድ ካሜራ፣ ሦስት ካሴት፣ አንድ የሚያጓራ ኮምፒውተርና መስኮቱ የማይዘጋ ክፍል ነበረው። በክረምት የዳሞታ ተራራ ጉም በዚያ መስኮት ገብቶ ስክሪኑን ያረጥበው ነበር፤ በሹራቤ እጅጌ እየጠረግሁ እሠራለሁ። ኤዲቲንግ የሚያስተምረን ሰው አልነበረም። የግቢውን ዜና በየሳምንቱ እየቆረጥኩ ነው የለመድኩት። መጀመሪያ ዲኑ ሲያስሉ እንዳለ አስተላልፌ ግቢው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳል መቁረጥ ለመድኩ፤ ከሳል ወደ «እእ»፣ ከ«እእ» ወደ ዝምታ ተሻገርኩ። በሁለተኛው ዓመት ስሜ ቀርቶ «መቀስ» ተባልኩ። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ድምፅ በመስመር ይታያል። ሰው ሲናገር መስመሩ እንደ ጋራ ይነሳል፣ ዝም ሲል ሜዳ ይሆናል። እኔም እየዋለ ሲያድር መስማቱን ትቼ ሜዳውን በዓይኔ እያደንኩ መቁረጥ ጀመርኩ። ፈጣን ነሽ ይሉኛል። ፍጥነት ለወጣት ሰው ክፉ ምርቃት እንደሆነ ያኔ ማን ነግሮኝ!

ከየትምህርት ክፍሉ የአሥር ደቂቃ ፊልም ይቅረብ ሲባል እኔና ተስፋዬ ወደ ቆላው ሁምቦ ወረድን። ተስፋዬ ካሜራ የሚይዘው ልጅ ነው፤ ከሰሜን የመጣ፣ ወላይትኛው ከ«ሳሮ» ሰላምታ የማያልፍ። ወሩ ጥር ነበር። ሶዶ ላይ የደረብነውን ጃኬት ሚኒባሱ ውስጥ አወለቅን፣ ከመንገዱ ዳር በጋሪ ገባን። የሄድንበት ጋራ ድሮ ራቁቱን ነበር አሉ፤ አሁን ጫፉ ድረስ ዛፍ ለብሷል። ዛፉ ግን አልተተከለም። ከአፈር ውስጥ ከቀሩ የድሮ ጉቶዎች ነው የበቀለው።

ያንን የነገሩን አቶ አንጁሎ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ገጀራቸውን ይዘው ከአንድ ጉቶ ሥር ቁጢጥ አሉ። «ልጄ፣ ከአንድ ጉቶ አሥር ቀንበጥ ይወጣል። አሥሩንም ከተውሽ አንዱም ዛፍ አይሆን» አሉኝ በወላይትኛ።

«የሚቆረጠውን በምን ያውቃሉ አባባ?»

«ክረምቱን ጠብቄ። ራሱ ይነግረኛል።»

ቤታቸው ደጃፍ ከተቀመጥን በኋላ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «ይህን ነገር ማን ጀመረው?» ቀና ብለው ጋራውን አዩና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። በዚህ መሐል ባለቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቅርበው ጠሩኝ። ርቦኛል። ተስፋዬን «አታቋርጥ» በሚል ዓይን ጠቅሼው ተነሳሁ። ጎደሬው ትኩስ፣ ዳጣው ዓይን የሚያስለቅስ ነበር፤ ጣዕሙ ዛሬም አልጠፋኝም። ያ ነው የሚያናድደኝ።

ሶዶ ተመልሼ ሥራዬን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ከጥያቄዬ በኋላ ረጅም ሜዳ ነበር፤ ሜዳውን ሙሉውን ቆርጬ ድምፁ ጎላ ወዳለበት ዘለልኩ። ከሽማግሌው ፊት ሥር «ጋራውን ያለበሱ አባት» ብዬ ጻፍኩበት። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ጥሬውን፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ፣ አጠፋሁ፤ በካሴቱም ላይ የእግር ኳስ ውድድር ተቀዳበት። መምህራችን ፊልሙን ወደደው። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ለሁምቦ ሰዎች ያሳየነው በወሩ ነው። ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ቴሌቪዥኑን በጄነሬተር አስነሳን። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ እማማ አስቴር የሚባሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የለበሱ ሴት ተቀምጠዋል። ፊልሙ አልቆ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ወጣም። እሳቸው አልተነሱም።

«ቀሪው መቼ ነው?» አሉኝ።

«አለቀ እኮ እማማ።»

«የላንቃሞስ?»

ላንቃሞ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። አቶ አንጁሎ ከበሩ ተመልሰው መጡ። «ባሏ ነው» አሉ፤ «ጋራውን የጀመረው እሱ ነው። ሰው ሲስቅበት፣ እሱ ከቀንበጡ ላይ ከብት ሲያባርር፣ እኔ ኋላ ነው የተከተልኩት። ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ስሙን ጠርቻለሁ፣ መጥተሽ ስሚ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ።» ሴትዮዋ እኔን አላዩኝም። የሚያዩት አቶ አንጁሎን ነበር፤ የሟች ጓደኛውን ሥራ የወሰደ ሰው እንደሚታይ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሰፈራቸው ፊት፣ ሌባ አድርጌያቸዋለሁ።

ተስፋዬ በአማርኛ ሹክ አለኝ፤ «ላንቃሞ የሚል ቃል በጆሮ ማዳመጫው ሰምቻለሁ። አንቺ ለምግቡ ስትነሺ ነው። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጄነሬተሩ አበላሸው ልል ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አቶ አንጁሎን አየሁ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው እማማ አስቴር ፊት ቆመዋል። ወደ ደጅ ወጥቼ፣ ገና ባልተበተነው ሕዝብ ፊት ቆሜ በወላይትኛ ተናገርኩ፤ «አቶ አንጁሎ የላንቃሞን ስም ጠርተዋል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሳልሰማ ቆረጥኩት።» አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አፉን ያዘ። አቶ አንጁሎ አልተቆጡኝም። «እኛ ለአንድ ቀንበጥ ክረምት እንጠብቃለን» ብቻ አሉ። «አንቺስ ስንት ጠበቅሽ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሜራውን ይዘን ተመለስን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔም ያፈሰስኩትን ልለቅም ነው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። አቶ አንጁሎ ወዲያው፣ ጮክ ብለው፣ ማንም እንዳይስት አድርገው «ላንቃሞ ነው!» አሉ። እማማ አስቴር አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። «እሰይ» አሉ፣ እጃቸውንም ያዙላቸው። አዲሱን ፊልም ሲያዩ አለቀሱ፤ ለእሳቸው በቂ ነበር።

ለእኔ ግን አልበቃኝም። ስሙ ተመለሰ፣ ዝምታው አልተመለሰም። ያን ቀን አቶ አንጁሎ ጋራውን እያዩ ዝም ሲሉ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር? በሐሳባቸው ከጓደኛቸው ጋር ምን ያህል መንገድ ሄደው ተመለሱ? ያየው ተስፋዬ ብቻ ነው፣ እሱም ቋንቋውን አያውቅም። እኔ ጎደሬ እየበላሁ ነበር።

ይህን ሁሉ ለብርሃኑ አልነገርኩትም። ጥሬው ስልኩ ላይ እንዳለ ብቻ ጠየቅሁት። «አለ፣ ግን ብዙው ዝም ያለችበት ነው እኮ ቲቸር» አለኝ። ወንበር ሰጠሁት፣ ጥሬውን ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። አክስቱ ስለ ሟች ወንድሟ፣ ማለትም ስለ ብርሃኑ አባት፣ ተጠይቃ ቅቤው የተጠቀለለበትን ቅጠል በጣቷ ታስተካክላለች።

«ይኸው፣ ዝም አለች» አለኝ፣ ሊያሳልፈው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ።

«ጠብቃት» አልኩት።