ጧፍ የጠጣው ትራንስፎርመር

ባለፈው ጥር ቀራንዮ ሠርግ ተጠርቼ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ሥር አስቀመጡኝ። የበላሁት ዶሮ ወጥ ሆዴ ውስጥ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። አጠገቤ የነበረችው የሙሽራዋ እናት ዘነበች፣ «የእኔ ሠርግ ትዝ ይልሃል?» ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

እንዴት ይረሳኛል? በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወንድሟ ጌታቸውና እኔ የአንድ ሰፈር ጎረምሶች ነበርን። ጌታቸው ሬዲዮ ይፈታል፤ አንዳንዴም መልሶ ይገጥማል። ዘነበች ስትታጭ፣ «እኔ ከዚህ ግቢ የምወጣው በሸክላ ሙዚቃ ነው» አለች። እሱም ማጉያውን በገዛ እጁ ሊሠራላት ቃል ገባ። ሁሉም ዕቃ ተሟላ፤ ድምፁን ለስፒከሩ የሚያቀብለው ትራንስፎርመር ብቻ ታጣ።

«ራሳችን እንጠመጥመዋለን» አለ።

ብረቱን ከሞተ ሬዲዮ ነቀልን፤ ሽቦውን አየር ጤና ካለ ጋራዥ፣ ከተጣለ ሞተር ፈታን። ስንት ዙር እንደሚያስፈልግ ግድግዳው ላይ በከሰል አሰላ። በታኅሣሥ ብርድ እኔ የእጅ መሰርሰሪያውን እንደ ወፍጮ አዞራለሁ፤ እሱ ከፀጉር የቀጠነውን ሽቦ በጣቱ እየመራ፣ በየድርቡ ወረቀት ያለብሳል። ያ ሽቦ ቢዘረጋ ጅማ ደርሶ በተመለሰ። ሽምብራ ቆሎ ስቆረጥም፣ «ድምፅ አታሰማ፤ ቁጥር ይጠፋኛል» ይለኛል።

መጨረሻ ላይ ሽቦው እንዳይንቀጠቀጥ ሰም መጠጣት ነበረበት። እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ያስቀመጡትን ጧፍ አውጥተው፣ «ይሁን፣ ለልጄ ሠርግ ነው» አሉ። አቅልጠን ነከርነው። ጧፍ ሲሞቅ እንደሚቀልጥ የማያውቅ ሰው የለም። ይኸው ትራንስፎርመር ሥራ ላይ ሲውል እንደሚሞቅ ግን ማናችንም አላሰብንም።

በሠርጉ ዕለት ማጉያው አንዴ ሲጮህ የጎረቤት ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ። ዳሱ በጭፈራ ሲናጥ ቆይቶ፣ ድንገት ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተተ። አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። ሌሎችም ተከተሉ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጨፋሪው ባለበት ቆመ፤ ዘፋኙ ብቻ፣ ሸክላ ነውና፣ ስለ ከንፈሯ ማውራቱን ቀጠለ።

ሰሙ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ዘነበች በሚዜዎች ታጅባ ደጃፉ ላይ ደርሳለች። ጌታቸው እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«ተወው አንተ» አሉ የቤቱ የንስሐ አባት፣ ሳህናቸውን እንደያዙ።

«አባ፣ ሊቃጠል እኮ ነው።»

«ጧፍ አይደለም እንዴ? ይንደድ። ልጅቷ ትውጣ።»

ወጣች። አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ ስታስገባ፣ ትራንስፎርመሩ እንደ አዛውንት ሳል አለና ጭጭ። ያኔ ልጃገረዶቹ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ዘፈኑን ከተቋረጠበት አንሥተው በጭብጨባ ቀጠሉት። መኪናው በእልልታ ተንቀሳቀሰ።

ዘነበች ማጉያው ያኔ መሞቱን እስከ ዛሬ አታውቅም። የሚያስረዳት ቢመጣም የምታምነው አይመስለኝም። ባለፈው ጥርም፣ በልጇ ሠርግ ላይ፣ ማጉያውን ወደሚቆጣጠረው ወጣት ዞራ፣ «ይቺ ምን አላት! ወንድሜ የሠራልኝ እስከ አየር ጤና ነው የሸኘኝ» አለችው።

ጌታቸው ከማዶ፣ አጥንት እንደያዘ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«ከአየር ጤናም አልፎ ዘነበወርቅ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል» አልኩት ወጣቱን።