በሞጣ ግድግዳ ላይ ፊታቸው የዞረው አዋላጅ

ቢቸና ውስጥ የሻይ ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጭነት መኪናውን በር ሁሉ በሥዕልና በጽሑፍ ያሳመርኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ዓይንና እጅ ነው። እስከ የጁቤ ድረስ የእኔን ፊደል ከሩቅ የማይለይ አልነበረም። ስለዚህ የሞጣ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን አጥር በስፕሬይ ቀለም ሊሥሉ ተነሥተው አሠልጣኝ ሲፈልጉ እኔን መጥራታቸው አልገረመኝም። ሌላ ማንን ይጥሩ?

ስድስት ነበሩ። ከጤና ጣቢያ አሮጌ የራጅ ፊልም ለምነን፣ በምላጭ የሥዕሉን ቅርጽ እየቆረጥን፣ ግድግዳው ላይ ለጥፈን ቀለሙን እንነፋለን። ፊልሙ ሲነሣ ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል! ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እኔ ከእነሱ ብሼ እጮኻለሁ።

ከሁሉም የምትበልጠው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የከተማውን ግማሽ ያዋለዱትን አሮጊት ሕፃን ታቅፈው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ሣለቻቸው። ከጎን መሣል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሥራው ሲያልቅ አሮጊቷን ጠራናቸው። መጥተው ትክ ብለው አዩና፣

«ምን በድዬ ነው አንድ ዓይን ያደረጋችሁኝ?» አሉ።

ክው አልኩ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ጌታን የገረፉት ናቸው። ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩትን እንዴት ረሳሁት!

ከተሰበሰበው ሰው ጋር ቆመው የነበሩት ርዕሰ መምህር ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሼ፣ እስከ ማታ ካልተስተካከለ አጥሩን በሙሉ ኖራ አስቀባዋለሁ። ሥዕሉም በዚሁ ያበቃል።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያዙሯቸዋ!»

እውነቱን ልናገር። በዚያ ሁሉ የሙያ ዘመኔ ከፊት የሣልኩት ሰው የለም። ሁለት ዓይን እኩል አይወጣልኝም፤ አንዱ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። የፀጉር ቤት ቆነጃጅቴ ሁሉ ወደ ጎን የሚያዩት ለዚህ ነው፤ ሰው ግን ኩራታቸው ይመስለዋል።

«አንቺ አዙሪያቸው» አልኳት። «እኔ ቀለሙ እንዳይረጭ ካርቶን እይዝልሻለሁ።»

«ያለ ቅርጽ?»

«ያለ ቅርጽ። እማማን እያየሽ።»

በርጩማ መጣና አሮጊቷ ተቀመጡ። «ደግሞ አፍንጫዬን እንዳታሰፊው፤ ያለው ይበቃኛል!» ሲሉ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ልጅቷ የቀድሞውን ፊት በቡናማ ሸፈነች። ስፕሬይ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅም፤ ወዲያው ጣሳውን ነቅንቃ ጀመረች። ግንባር። ቅንድብ። አንድ ዓይን። ካርቶኑን አጥብቄ ያዝኩ። ሁለተኛው ዓይን ከአንደኛው ትይዩ፣ ልክ ቦታው ላይ አረፈ!

«ዋ!» ብዬ ካርቶኑን ወደ ላይ ወረወርኩት።

አሮጊቷ ተነሥተው ቀረቡ። ልጅቷ ጣሳውን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«እህ፤ አሁን እኔ ነኝ» አሉ። «ግን የሕፃኑን አንገት ደግፊለት እንጂ፣ ልጄ! እንዲህ አድርጌ ይዤ አውቃለሁ?»

ሳቅ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ኖራውን ወደ ዕቃ ቤት እንዲመልሱት አዘዙና በበሩ በኩል ያለውን አጥርም ፈቀዱልን። እኔ ለቆመው ሰው ሁሉ «ተማሪዬ ናት! ተማሪዬ ናት!» እያልኩ ዞርኩ።

«አይተንሃል» አሉኝ አሮጊቷ። «ካርቶን ስትይዝ አንደኛ ነህ።»

እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው ዓይን እስኪያልቅ ድረስ ካርቶኑ በእጄ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።