የስንዝር ሰው ፎቶግራፍ

በጃንሆይ ዘመን ሶዶ ከተማ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። የማላነሳው ነገር የለም እል ነበር፤ አንድ ቀን ከጉኑኖ የመጡ ሽማግሌ እንጨት ጠራቢ፣ ስንዝር የማትሞላ የሰው ምስል ጠረጴዛዬ ላይ አቆሙ።

«ልጄ ነው» አሉ። «እስር ቤት ሞተ። ፎቶውን ካላመጣህ አስከሬኑን አንሰጥህም አሉኝ። ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ጠረብኩት። ሰው አስመስለህ አንሳልኝና ልጄን ልቅበር።»

ለሙያዬ ክብር ስል ተጠበብኩ። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስሬ አስጠጋሁና ዐይኑ ላይ አነጣጠርኩ። በቅርብ ሲያነሱ ይደበዝዛልና የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጠበብኩ፤ ብርሃኑ ስላነሰ አራት ሰከንድ ከፍቼ ያዝኩት። እንዲህ ፀጥ ብሎ የሚነሳ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለው የቢላ ጭረት እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኮርቼ እኔው ራሴ አብሬያቸው እስር ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

የእስር ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን መረመረው። ሰው መሆኑን ቅንጣት አልተጠራጠረም።

«አባባ፣ የእኛ ሟች የሞተው በወባ ነው» አለ ፎቶውን እየመለሰ። «ይኼን እኮ ፊቱን በቢላ ዘልዝለውታል። ልጅዎ የሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ ይሂዱና ይፈልጉት።»