የጋሽ ሙላት መድኃኒት

ከደምበጫ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አባዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ምርቃቱ አጭር ነበር። "በሰላም ያድርስሽ። የዚያን አጭበርባሪ ነገር ግን አጣርተሽ ንገሪኝ።"

አጭበርባሪ የሚላቸው የልጅነት ጓደኛውን፣ የእርሻ መድኃኒት ነጋዴውን ጋሽ ሙላትን ነው። ባቄላችንን ቡናማ ነጠብጣብ ሲወረው ከእሳቸው የገዛነውን የፈንገስ መድኃኒት ረጨን፤ ባቄላው ግን ረገፈ። ዱቄቱን አይቼ "ፎርጅድ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ። ማን ይከራከረኛል? ደንበኛው ሁሉ ሸሻቸው፤ አባዬም ሰላምታ ነፈጋቸው።

ለትምህርት ሃንጋሪ ስደርስ ደግሞ ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ። የታመመውን ቅጠልና ከፓኬቱ የተረፈውን ዱቄት ከነፈቃድ ደብዳቤው ይዣለሁ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ፖስታውን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

"ምንድን ነው?"

"የታመመ የባቄላ ቅጠል።"

"ሰው ከአገሩ በሽታ ይዞ ይመጣል?"

"ጤነኛውንማ በላነው።"

አልሳቀም።

አከራዬ ማርታ ኔኒም (ኔኒ እንደኛ እትዬ ነው) በርበሬዬን አሽትታ "ይሄ ከላቦራቶሪሽ ነው?" አለችኝ። እነሱ ፓፕሪካ የሚሉት ቀይ ነው እንጂ አያቃጥል፣ ምን ታውቃለች! ብርዱስ? የጮቄ ተራራን ብርድ ስናማ የኖርን ሰዎች ይቅርታ መጠየቅ አለብን።

ላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገሱን በሳህን አበቀልኩት። በአንዱ ሳህን መድኃኒቱን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በሌላው ሲሶውን ብቻ አደረግሁ፤ ሦስተኛውን ያለመድኃኒት ተውኩት። እኛ የረጨነው ሲሶውን ነበራ! ለጎረቤት ሁሉ እንዲዳረስ ብዬ የአንዱን መርጫ ፓምፕ መድኃኒት ለሦስት ፓምፕ እንዲያቀጥኑት ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ጋሽ ሙላት "ልጄ፣ አታቅጥኑት" ሲሉኝ፣ ለአባዬ "ብዙ ሊሸጡልን ነው" ብዬው ነበር።

ሙሉ ልክ ያለበት ሳህን ላይ ፈንገሱ ዝር አላለም። ሲሶው ላይ ግን ቀስ እያለ አደገ። ቅጠሉን አሟሙቶ የሚበላበትን ኢንዛይም ስለካማ ጭራሽ መድኃኒት ካልነካው በልጦ አገኘሁት። ማሽኑን ጠረጠርኩ፣ እጄን ጠረጠርኩ፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው። ወይ ጉዴ! የሰውዬውን ስም ያጠፋሁት በራሴ ጥፋት ነው። አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

ለአባዬ ደወልኩ።

"አባዬ፣ መድኃኒቱ ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሽ ሙላትን ይቅርታ ጠይቅልኝ።"

"ደወለልሽ እንዴ?" አለኝ።

"ማን?"

"ሙላት ነዋ። ለምኖሽ ነው።"

"ኧረ በማርያም! በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"ያን ጊዜም በዓይኔ አየሁ ብለሻል።" ድምፁን ለስለስ አደረገ። "አታስቢ፣ ዘንድሮ ከሌላ ሰው ገዝተናል። ነገ ጠዋት ከጎረቤት ጋር እንረጫለን። እንዳስተማርሽን፣ አንዱን ለሦስት።"

"አባዬ እንዳታቀጥኑት! ሙሉውን እርጩት፣ በሞቴ!"

"አየሽ፣ ይሄ የሙላት ቃል ነው" አለኝ። "ብዙ ሊሸጥልን ነው። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?"

ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሳም።