ሲግቱናን በካልሲ
ከሜርስታ በአውቶቡስ ሲግቱና የምትባል ጥንታዊ የስዊድን ከተማ ደርሰን ስንወርድ ባልንጀራዬ መጀመሪያ የፈለገው አግዳሚ ወንበር ነበር። ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ሶደርተልየ ካለው ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል። ሐኪሞቹ በእግርህ ሂድ ይሉታል፤ እሱ ግን ፋብሪካ ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር ስገጥም የድርሻዬን ቆሜ ጨርሻለሁ ባይ ነው። በመጨረሻ ሚስቱ ለእኔ ደወለች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ካልሰማ ማንንም አይሰማም። እግሩ እንዲሁ ደርቆ እንዳይቀር ፈራሁ» አለችኝ።

ሰው መምረጥ ታውቅበታለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ስዊድንኛን ከቤተ መጻሕፍት የለቀምኩ ሰው ነኝ። የአገሩ ጥንታውያን ድንጋይ ላይ የቀረጹትን ፊደል ሳይቀር ራሴን አስተምሬ አነባለሁ። ሲግቱና ደግሞ ለደካማ እግር የተሠራች ከተማ ናት፤ አንድ ጠባብ ዋና መንገድ፣ ግራና ቀኙ አጫጭር የእንጨት ቤቶች፣ በየመሐሉ ፊካ የሚሉት ቡናና ኬክ የሚቀርብበት ቤት። ከዳር እስከ ዳር ካስኬድኩት አሸነፍኩ ማለት ነው።

በምርኩዙ እየተደገፈ፣ እያጉረመረመ ተከተለኝ። አንድ የተቀረጸ ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ሳነብለት አቋረጠኝ።

«እኔም ላንብብልህ? ‹እዚህ አንድ ጉረኛ ቆሞ ነበር› ይላል።»

ከዚያ ወደ አንድ የፈረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም፤ ወለሉ ሣር ነው። መግቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

«ምን ሆነሃል? ጣሪያ እኮ የለውም» አለ።

«ጣሪያው ቢወድቅ ቅድስናውም አብሮ ይወድቃል?»

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ የራሴ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ እሱም አወለቀ። ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ሦስት እርምጃ ሳንሄድ ካልሲያችን ውኃ ጠጣ። ውሻ ይዛ የምታልፍ አሮጊት ደህና ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀችን። ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው አልኳት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ውሻዋን ከሣሩ ላይ ሳብ አድርጋ አወጣችው። ባልንጀራዬ መቅደሱ በነበረበት ፊት ቆሞ ረጅም ጸሎት አደረሰ።

ስንወጣ ያበጠው እግሩ ጫማው ውስጥ አልገባም አለ። ጠዋት ሚስቱ በማንኪያ እየገፋች ነበር ያስገባችለት። ሰፊ የሱፍ ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ በመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ነው አልኩት። ጫማዎቹን በማሰሪያቸው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በእርጥብ ካልሲው ነጎደ። ላሳርፍበት ያሰብኳቸውን የፊካ ቤቶች ሁሉ አልፎ ሄደ። ምርኩዙን ግድግዳው ሥር መርሳቱን አይቼ ነበር፤ ሆን ብዬ ዝም አልኩ። የሱፍ ጫማውን አጥልቆ ሲደላደል ነገርኩት። እየተሳደበ ያንኑ መንገድ ተመለሰ። እኔ ከኋላው አለከልክ ነበር።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ሚስቱ ደወለች። «እኔ ምን እሆናለሁ? የደከመው እሱ ነው። ከተማውን በሙሉ እየጎተትኩ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አላት። ድምፁ እንደዚያ ሲደምቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ስልኩን ሰጠኝ።

«እውነት ነው ጋሼ?»

አፌ ድረስ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። «እውነት ነው ልጄ፤ ልደርስበት አልቻልኩም» አልኳት።

እንዲህ ራሱን ዝቅ ማድረግ የሚችል ሰው በዚህ አገር ስንት አለ?