የእማማ ዘነቡ አሞሌ

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» አሉኝ አከራዬ እማማ ዘነቡ፣ የተላጠ ሙዝ ወደ አፌ እያስጠጉ።

አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ። የእንጦጦ ጉም ወደ ቀጨኔ ወርዶ መስኮቴን ሞልቶታል፤ ጣሪያው ከጉሙ ጋር የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። እማማ ደም ግፊት ስላለባቸው ልጃቸው ዓለም ጨው የሚባል ነገር ከጋራ ማድቤታችን አጥፍታለች። የራሴ አልቆብኝ፣ ሱቅ ልሄድ ስነሳ ነው ራሴ የዞረው።

«እማማ፣ ሙዝ ልቤን ያቆመዋል።»

«ሙዝ? ኧረ በስመ አብ!»

ሐኪሜ ያለኝን ነገርኳቸው። ከኩላሊት በላይ ያለች ትንሽ እጢ አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ትልካለች። እሱ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ ኩላሊትን «ጨዉን መልስ፣ ፖታሲየሙን አስወጣ» ይለዋል። የእኔ እጢ ዝም ብላለች። ስለዚህ ጨዉ በሽንት ይሄዳል፤ ሙዝ ውስጥ የሞላው ፖታሲየም ግን ደሜ ውስጥ ይከማቻል። ከክኒኑ ጋር ጨው አብዛ ተብያለሁ።

እማማ ሙዙን ራሳቸው እየበሉ ወጡ። ሲመለሱ ከነጠላቸው ጫፍ የአሞሌ ጨው ቁራጭ ፈቱ። አንድ ጎኑ ተልሶ እንደ ሳሙና ለስልሷል።

«በዚህኛው በኩል ላስ» አሉኝ፣ ገልብጠው።

እንደ በሬ ላስኩ። ጣሪያው ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሞሌውን ከእጄ ተቀበሉኝና ትክ ብለው አዩት።

«ዓለም የት ናት?»

«ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነው።»

በሩን በእግራቸው ገፍተው ዘጉት።